የክትባት ፍሪጁ ቀይ መብራት

ጥቅምት 3
ጎመኑን አጠጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከተማሪዎቼ ይልቅ ጎመኔ ይሰማኛል… ባንቺዓለም ከደጃፍ ሆና «ስም ትጠራላቸዋለህ እንዴ?» አለችኝ። ሚስቴ ናት፣ ይታለፋል። አልጠራም። በረድፍ በረድፍ ነው የማጠጣው።

ከሰዓት ምሥራቅ መጣች። የጤና ኬላችን ነርስ ናት። ፊዚክስ አስተምሬያታለሁ። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ቲቸር፣ የክትባት ፍሪጁ እንደገና ሞቀ። መብራት ሄዶ ማንም አላየም። ያለውን ክትባት በሙሉ ጣልኩት።»

«ተቆጣጣሪው ምን አሉ?»

«አንድ ጊዜ ከደገማችሁ ፍሪጁን ወደ ከተማ እወስደዋለሁ አሉ።»

ፍሪጁ ከሄደ ከቀበሌያችን ከገነተ ማርያም በላይ ያሉ እናቶች ልጅ አዝለው ላሊበላ ድረስ… ግማሾቹ ይቀራሉ። ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።

ደሳለ የላከልኝን ትንሿን ኮምፒውተር አስታውሳ ነው የመጣችው። ፍሪጁን ትጠብቅልን ይሆን?

ጥቅምት 4
ለደሳለ ደወልኩ። የድሮ ተማሪዬ ነው፣ አዲስ አበባ በኮምፒውተር ሥራ ላይ። የላካት ኮምፒውተር መዳፍ አታክልም። ሙቀት መለኪያዋ ይሠራል። ጎኗ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ግን ወይ ፍንክች።

«ድራይቨር የላትማ፣ ቲቸር። ከርነሉ መኖሯንም አያውቅ።»

ከርነል የሥርዓቱ እምብርት ነው። ድራይቨር ደግሞ እምብርቱን ከዕቃው ጋር የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም።

«ታዲያ ማን ይጻፍላት?»

ሳቀ። «የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ከክፍል ያስወጡ አልነበር? እርስዎ ይጻፉላታ።»

የተማሪ ብድር አይቀርም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
ባንቺዓለም ገበያ ሄደች። ጸጥታ። የቺፑን፣ የኮምፒውተሯን አንጎል፣ መግለጫ አነበብኩ። መብራቷ ከቺፑ አንድ የሽቦ እግር ጋር ተያይዛለች። እግሩ ላይ አንድ ሲጻፍ ትበራለች፣ ዜሮ ሲጻፍ ትጠፋለች። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ገጽ? ግን ማን ይጽፋል፣ መቼ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ እግሩን ማን ይለቃል… ሁሉም መነገር አለበት። ወደድኩት። ሥርዓት ያለው ነገር ነው።

ጥቅምት 10
ኮምፒውተሩ የጻፍኩትን አልቀበልም አለ። ፈልጌ ፈልጌ… ለካ አንዱን መስመር በፈረንጁ ሴሚኮለን ፈንታ በእኛ ድርብ ሰረዝ ዘግቼዋለሁ። የፊደል ገበታው አማርኛ ላይ ነበር። ስንቱን ተማሪ ለዚህ ለዚህ ማርክ ቀንሼበታለሁ።

ጥቅምት 11
ተቀበለ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ድርቅ አለ። ሌላ ፕሮግራም ሲሳሳት ብቻውን ይወድቃል። ድራይቨር ሲሳሳት ግን ቤቱን ይዞ ነው።

«ሞተ?» ባንቺዓለም።
«አጥፍቼ ሳበራው ተነሣ።»
«ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?»

ጥቅምት 13
በራች።

አጠፋኋት። አበራኋት። ባንቺዓለምን ጠራኋት። አየቻትና «ቀይ? መጠጥ ቤት ልትከፍትብኝ ነው?» አለች።

ጥቅምት 15
ጤና ኬላ ሄጄ ተከልኳት። መለኪያው ፍሪጁ ውስጥ፣ ኮምፒውተሯ ከነባትሪዋ መደርደሪያው ላይ። መብራቷን በረጅም ሽቦ ወደ መስኮቱ አወጣኋት፣ ዘበኛው ጋሽ አረጋ ከደጅ እንዲያዩዋት። ብርሃኗ በቀንም እንዲታይ የቲማቲም ጣሳ ቆርጬ ከኋላዋ አደረግሁ።

ፍሪጁ ሲሞቅ ትበራለች፣ ሲቀዘቅዝ ትጠፋለች። ቀይ ማለት አደጋ ነው፣ ይህ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል?

«ጋሽ አረጋ፣ መብራቷን ይጠብቁ። ችግር ካዩ ለምሥራቅ ይደውሉ።»

«ዓይኔ ገና ነው፣ መምህር።»

ጥቅምት 23፣ እሑድ
ያልተፈተነ ትምህርት ትምህርት አይደለም። ክትባቱ ገና አልመጣም፣ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ውኃ ብቻ ነው። ከቅዳሴ መልስ እኔና ምሥራቅ ለጋሽ አረጋ ሳንነግር ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቀልነው።

ወደ ማታ ተመለስን። መስኮቱ ላይ ቦግ ብላለች። ድራይቨሩ እንከን የለውም። ጋሽ አረጋ ከሥሯ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«አልደወሉም?»

«ምን ብዬ? ስትበራ ነው የዋለችው። ዛሬስ መብራቱ አልሄደም፣ ተመስገን።»

ምሥራቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች… ክትባት ቢኖርበትስ ኖሮ?

ጥቅምት 24
ሌሊቱ እንደተናደድኩ ነጋ። ጠዋት ባንቺዓለምን ጠየቅኋት።

«ሰው መስኮት ላይ መብራት በርቶ ብታዪ ምን ትያለሽ?»
«መብራት አላቸው እላለሁ።»
«ቀይ ቢሆንስ?»
«ቀይ መብራት አላቸው።»

ምሥራቅንም ጠየቅኋት። ሳታስብ ያንኑ መለሰችና አፏን ያዘች።

በየበሩ አንኳኩቼ ብጠይቅ አገሩ ሁሉ ይህንኑ ይለኛል። መብራት እየሄደ ሲመጣ እዚህ የበራ ነገር ማንንም አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው የጠፋው ነው። ደግሞስ… ባትሪው ቢሞት መብራቴ ዝም ትላለች። ዝምታዋን ደህና ነው ብለን እንተኛ ነበር። ተማሪ እንዲህ ጽፎ ቢያመጣልኝ አላሳልፈውም ነበር።

ጥቅምት 25
ገለበጥኩት። ሲቀዘቅዝ ትብራ፣ ሲሞቅ ትጥፋ። ክትባቱ ከመበላሸቱ ትንሽ ቀደም ብላም እንድትጠፋ አደረግኋት።

ለደሳለ ነገርኩት። «የተለወጠው አንድ መስመር ነው? ታዲያ እስካሁን ምን ሲሠሩ ነበር?»
«ሰው ሳልጠይቅ ስጽፍ።»

ጋሽ አረጋንም ዛሬ በደንብ አስረዳኋቸው። ስትጠፋ ነው የሚደውሉት።
«እሱንማ ማን ይስታል፣ መምህር?»

ኅዳር 3
ክትባቱ ገባ። እጄ ጎመኑ ላይ፣ ልቤ መስኮቱ ላይ።

ኅዳር 7፣ እሑድ
መብራት ከማለዳ ጀምሮ የለም። እኛ ጎረቤት ክርስትና ተጠርተናል፣ ምሥራቅም አለች። ኔትወርክም ከመብራቱ ጋር ሄዷል።

ጠላው ሲዞር ጋሽ አረጋ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ላብ በላብ።

«ጠፋች።»

ሰው ሁሉ የማን ልጅ ናት ብሎ ብድግ አለ። ምሥራቅ ብቻ ገባት። ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። እኔም ተከተልኩ… በዚህ ጉልበቴ።

ደርሰን መለኪያውን አየነው። ሞቋል፣ ግን ከወሰኑ አላለፈም። የፍሪጁ በረዶ ክፍል ውስጥ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም። ምሥራቅ በረዶውን በክትባት መያዣ ሣጥኑ ደርድራ ክትባቱን አንድ በአንድ አዛወረችበት። ክዳኑን ገጥማ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት።

«ድግሱ አመለጠን» አሉ ጋሽ አረጋ።

ኅዳር 10
ተቆጣጣሪው መጡ። ክትባቱን አዩ፣ መለኪያውን አዩ፣ ጣሳዋን አዩ።

«ይቺ ደግሞ ጌጥ ናት?»

ምሥራቅ ልታስረዳ ስትል ጋሽ አረጋ ቀደሟት። ስለ ከርነል አንድም ቃል አልተናገሩም። ስለ ሩጫቸው ግን ብዙ አወሩ። ተቆጣጣሪው ሰምተው ሲጨርሱ «በሉ ፍሪጁ እዚሁ ይቆይ» አሉ። ምሥራቅ እጄን ጨበጠችኝ። አልለቅ አለች።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ
የክትባት ቀን። ማለዳ፣ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ወደ ጤና ኬላው ስወርድ መታጠፊያው ላይ ሁለት እናቶች ልጅ አዝለው ቆመዋል። ወደ ታች ያያሉ።

«ምነው ቆማችሁ?»

«በርታ እንደሆነ እያየን ነው፣ አባባ። ከበራች ክትባቱ አለ። ከጠፋች እንመለሳለን፣ ምን ያስወርደናል በከንቱ?»

ማን ነገራቸው? አልጠየቅሁም። ጭጋጉ ሳሳ አለ። ታናሽየዋ ጣቷን ቀሰረች።

«ያችውና።»

መቀነታቸውን አጠበቁና ወረዱ። ከኋላቸው ወረድኩ። የታናሽየዋ ልጅ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፣ የሚጠብቀውን መርፌ አላወቀም።