ከእግሩ ጋር ያልገጠመው ንጉሥ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን

ለውዷ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሆድሽስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ይህን ደብዳቤ ከባልሽ ጋር እንዳታነቢው። መጀመሪያ ብቻሽን ጨርሺውና የምትነግሪውን አንቺው ምረጪ፤ ነገሩ ስለ አባቱ ነው።

በስልክ "እማዬ፣ ለእኔ ስትዪ ቂሙን ተዪው" ብለሽኝ ነበር። አልተውኩትም።

አንቺ ያኔ ጡት አልጣልሽም ነበርና ከሥሩ ልንገርሽ። ንጉሡ በሞቱ ጊዜ ንግሥቲቱ መታሰቢያ ሐውልታቸው በሕዝቡ መናፈሻ እንዲቆም አዘዙ፤ ሥራው ለአባትሽ ደረሰው። መጀመሪያ የሠራው ንጉሥ እግሮቹን ከፈት አድርጎ የቆመ ነበር። ንግሥቲቱ ወርክሾፑ ድረስ መጥተው አዩትና "ይኼማ ጥሎኝ ሊሄድ የተነሳ ነው የሚመስለው። እግሩን ሰብስብልኝ" አሉ። አባትሽ ሳያጉረመርም እንደገና ሠራው። ካባው እስከ ቁርጭምጭሚት ስለሚወርድ ልዩነቱ በሩቅ አይታወቅም። ነሐሱ የሚፈስበትን የሁለቱንም የጀሶ ፎርማ፣ በየቁራጩ ጠቅልለን፣ ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ አስቀመጥነው። የባልሽ አባት ተለማማጅ ሆኖ የገባው ሁለተኛው ሲሠራ ነው። ስለ መጀመሪያው ማንም አልነገረውም።

መንግሥት ሲለወጥ ሐውልቱን ሊያፈርስ ግር ብሎ የመጣውን ሕዝብ መጋዝ ይዞ የመራው የባልሽ አባት ነበር። አባትሽ የንጉሡን እግር አቅፎ "ተው፣ ልጄ፣ አንተም የለፋህበት እኮ ነው" አለው። እሱ ግን ሙያ ያስተማረውን ሰው በጥፊ አጮለው። ሕዝቡ ሳቀ። አካሉን ቆርጠው ወሰዱና አቀለጡት፤ እግሮቹ ግን አልነቀል አሉ፤ አባትሽ እስከ መሠረቱ ብረት ሰዶባቸው ነበርና። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ "እግሩ ጋ እንገናኝ" ይላል። አባትሽ ከዚያ ወዲያ ምድጃ አላቀጣጠለም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጉንጩን ሲያሻሽ ሲያሻሽ ሞተ። በሽታ ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ።

የዚያን ሰው ልጅ ወደድኩት ስትዪኝ ይህን ሁሉ ደብቄ ዳርኩሽ። ልጁ ምን አጠፋ?

ዘንድሮ ሐውልቱ ተመልሶ ይቁም ተባለ። አዲስ አካል ተሠርቶ በእነዚያው እግሮች ላይ ሊበየድ። ሥራውን የተረከበው ማን ይመስልሻል? ያው የባልሽ አባት። ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ጫማውን አስወልውሎ መጣልኝ።

"እትዬ፣ የጋሼ ፎርማ እርስዎ ዘንድ አለ አሉ።"

"አለ። ሐውልቱ ሥር በሚቆመው ድንጋይ ላይ የጋሼህ ስም ይቀረጻል?"

"ድንጋዩ ጠበበ እኮ፣ እትዬ። ኮሚቴው አንድ ስም ይበቃል ብሏል።"

የማን ስም እንደሆነ አልጠየቅኩትም። "እሺ፣ ውሰድ" አልኩትና የመጀመሪያውን፣ እግሩ ከፈት ያለውን ሰጠሁት። "እግሮቹን ለካቸው እንጂ" ስለው፣ "እኔው በእጄ የቆረጥኩትን?" ብሎ ሳቀ። ጉንጬን ስሞኝ ወጣ።

ባለፈው እሑድ ባለሥልጣኑ፣ የሙዚቃ ጓዱ፣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ሳለ ክሬኑ ንጉሡን ቀስ አድርጎ አወረደ። አንዱ ቁርጭምጭሚት ሲገጥም ሌላው ስንዝር ያህል አለፈ። ዞር አደረጉት፤ ያኛው ገጠመ፣ ይኼኛው አለፈ። ከኋላ አንዱ "ኧረ ንጉሡን ጫማ ጠበባቸው!" ብሎ ጮኸ። ሳቁን ብትሰሚው! ባለሥልጣኑ "ምንድነው ይኼ?" ሲሉ ከወንበሬ ተነሳሁ። "እሱን ይጠይቁት! ያን ጊዜ ቆርጦ የጣለው እሱ ነው፤ ያስተማረውን ሰው በጥፊ መትቶ!" አልኩ። የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ። ያንን ፊት ለማየት ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ልጄ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ትናንት ግን በጋሪ ድንጋይ አስጭኖ መጣ። አዲስ ድንጋይ ነው፤ የአባትሽ ስም ከላይ በትልቁ፣ የእሱ ከታች በትንሹ።

"ጋሼን በድያለሁ። ትክክለኛውን ፎርማ ይስጡኝና ስማቸው እዚያ ይቁም" አለኝ። እያለቀሰ ነበር።

ፊደሎቹን በጣቴ ዳሰስኳቸው። አቀራረጹ ያምራል፤ የአባትሽ አቀራረጽ ነው። ስመኘው የኖርኩት ነገር ይኸው ደጄ ድረስ መጣ። እኔ ግን ያንን ጥፊ አየሁ እንጂ ድንጋዩን አላየሁም። "ግባ" ብዬ ወደ ጓሮው ክፍል ወሰድኩት፤ ጨርቁን ገለጥኩለት፤ ይኼው ነው አልኩት። ከዚያ መዶሻ አንስቼ ከፎርማው ራስ ጀመርኩ።

እጄን አልያዘኝም። "እትዬ፣ የጋሼ እኮ ነው" ብቻ አለ። ሰማሁት። አላቆምኩም፤ እስኪደቅ ድረስ መታሁት።

ድንጋዩን ሳይወስድ ሄደ፤ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባልሽ ይህን ከአባቱ ሳይሰማ አይቀርም፤ ቀድመሽ ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው የቸኮልኩት።

ፈጣሪ በሰላም ይገላግልሽ። የሚወለደው ልጅ የእናንተን ፍቅር ይውሰድ፤ የሁለቱንም አያቶቹን አመል ይተውልን። ተቆጥተሽም ቢሆን ጻፊልኝ፤ ዝም ብቻ አትበዪኝ። ደስ ብሎሻል ወይ ካልሽኝ፣ ደስ ብሎኛል። አባቴ ቢኖር ምን ይልሽ ነበር ብለሽ ግን እንዳትጠይቂኝ።

እናትሽ