በአራቱም ጎን የተወደደች

ሰቆጣ፣ ሐሙስ ከሰዓት

ውድ ሐይደር፣

መኪናው ያለ እኔ ሄዷል። ደሴ መናኸሪያ ቆመህ እንዳትጠብቅ ልደውልልህ ነበር፤ ኔትወርክ የለም። ይህን ወረቀት በእግሩ ወደ ታች ለሚወርድ ሰው እሰጠዋለሁ።

በስልክ የጻፍክልኝን የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ቢላቭድ» ያልከኝን፣ መምህር አንዷለም ሱቃችን ሲመጣ ጠየቅሁት።

«ማን እንዲህ አለሽ?» አለ እየሳቀ።

«ዕቃ ላይ አይቼው ነው።»

«እንዲህ የሚል ዕቃ ካለሽ ለእኔም አስቀሪልኝ!»

ኋላ ቁም ነገሩን ነገረኝ። እጅግ የተወደደ ማለት ነው። ከፊቱ የተቀጠለችው «ቢ» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዙሪያውን» ማለት ነበረች፤ እየቆየች «ፈጽሞ» ወደ ማለት ዞረች። እኔ የጥንቱን ወደድሁ፦ በዙሪያው ሁሉ የተወደደ። በዚያው ሰሞን ወደ አንተ ልመጣ ቆረጥሁ።

የቤታችንን ነገር ታውቃለህ። ከአጎራባች ወረዳዎች፣ ከዝቋላም ከደሃናም ለገበያ የሚመጣ ሰው፣ ጊዜ ሲከፋ ንብረቱን እኛ ጓዳ ያኖራል፤ የማር ገንቦም ይሁን የብር መስቀል። የተቀበለ እጅ ነው የሚመልሰው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሌላ አይተላለፍም። ስለዚህ ባለቤቶቹን አንድ በአንድ አስጠርቼ መለስሁ፤ የቀረውን በፈቃዳቸው ለወንድሜ ለሰላሕ አስረከብሁ። ለእናቴ «ዕቃ ላመጣ ነው» አልኋት።

«ዕቃ የሚያመጣ ሰው የክረምት ልብስ አይይዝም» አለችኝ። አልከለከለችኝም። ስንቅ ቋጠረችልኝ፤ ከመከልከል የባሰው እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሞተሩ ተነሥቶ እኔ መስኮት ጥግ ተቀምጬ ሳለሁ፣ እማማ ይታየሽ ከዝቋላ በእግራቸው ደረሱ።

«ጦይባዬ! ለዕቃ ልትወርድ ነው አሉኝ፤ እሰይ ደረስሁብሽ!» ብለው ጥቅል በመስኮቱ አቀበሉኝ። የልጃቸው የዝናሽ የሠርግ ቀሚስ ነው። «ሣር ጠፋ፤ ፍየሎቹን ይዘን ወደ ተከዜ ልንወርድ ነው። እስክንመለስ አደራሽን።»

እጄ ከልቤ ቀደመ። «ይሁን» አልሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንዳልሁት። «ለሰላሕ ላስረክበው?» ልል አፌን ስከፍት፣ ግንባሬን ስመው «አንቺ እያለሽልኝ ምን እሆናለሁ!» አሉ።

«እመቤት፣ ትሄጃለሽ ወይስ ትነግጃለሽ?» አለ ሾፌሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እማማ ሻንጣዬን ያን ጊዜ አዩት። «ወዴት ነሽ ልጄ?»

«እዚሁ ነኝ» አልኋቸው። ወረድሁ።

መንገዱ ለመኪና የተከፈተው ለዛሬ ብቻ ነበር፤ ዳግመኛ መቼ እንደሚከፈት አላህ ያውቃል። ሐይደር፣ በዙሪያው የተወደደ ሰው መውጫ በር የለውም። በአንዱ ጎን እናቴ፣ በአንዱ ሰላሕ፣ በአንዱ ያ ጓዳ አሉ። ባዶው ያንተ ጎን ብቻ ነው። ቃሉን ከሩቅ አትላክልኝ። መጥተህ እዚህ ቁምና በአፍህ በለኝ፤ አለዚያ ለሌላ ይሁን፤ አልቀየምህም።

ልብሴን ከሻንጣው አውጥቼ የዝናሽን ቀሚስ አኑሬበታለሁ። በዚህ ቤት አይጥ የማይደፍረው ሻንጣው ብቻ ነው።

ጦይባ