ከዘፈኑ የወጣው የስፌት መኪና

ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ጉልበቴ ከማማረሩ በቀር ደህና ነኝ። ስፌቱም እንደ ወትሮው ነው።

የቡድናችሁ አዲሱ ሲዲ ደርሶኛል። ድሮ ቀድታችሁ ያላወጣችኋቸውንና መድረክ ላይ የተጫወታችኋቸውን ዘፈኖች መሰብሰባችሁ ጥሩ ነው። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ ውስጥ ከፈተልኝና «እትዬ፣ ይሄ ልጅሽ ነው ወይስ የሚያገሳ በሬ?» አለኝ።

«ዴዝ ሜታል የሚባል በጩኸት የሚዘፈን ሙዚቃ ነው። ዜማው ጊታሩ ላይ ነው፣ እሱን ስማ» አልኩት።

እዚሁ ስፌት ቤቴ ውስጥ የቀዳችሁት የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ግን የስፌት መኪናዬ ድምፅ የለም። ያኔ «እማ፣ መርገጥሽን እንዳታቆሚ፣ ለከበሮው ያግዘዋል» ያልከኝ አንተ ነበርክ። አሁን ቅጂውን አጥርታችሁት ነው አሉኝ። ይሁን፤ ጥራት ደግ ነው።

መድረክ ላይ በተቀዳው ደግሞ የሚስትህ እናት ሳቅ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። እሱን ማጥራት ሳይከብድ አልቀረም። ቀጥለህ «ይሄኛው ከፊት ለቆመችው ለእማዬ ነው» ስትል፣ ፀጉር አስተካካዩ ወደ እኔ ዞሮ «መቼ ሄደሽ ነው?» አለኝ። ድስት ጥጃለሁ ብዬው ወጣሁ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለእናቷም እንደዚሁ፤ ከፊት ስትቆም ጆሮዋ ላይ ጥጥ ታድርግ በላት።

ክፍልህን ልከራይ የሚል ሰው መጥቶ ነበር። ሰው አለበት ብዬ መለስኩት።

ደህና ሁንልኝ።

የወለደችህ እናትህ