ባምሴን ጋቢ ያለበስኩት ዕለት

ኦስሎ፣ ሮመን
ሐምሌ 19 ቀን 2000 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ማርያ፣

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ያለ ሊፍት እወጣለሁ፣ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ። ይህንንም ደብዳቤ፣ ፊደሉ ቢንጋደድም፣ ማንንም ሳልለምን ራሴ ነው የጻፍኩት። ስልክ ብደውልልሽ ይቀል ነበር፤ ድምፄ እንቢ አለኝ።

ውሻሽ ባምሴ በሕይወት አለ። እንዳትደነግጪ እሱን ላስቀድም። እግሬ ሥር ተኝቷል። እኔ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደደነገጥኩ ነኝ።

በርገን ስትሄጂ ፍሪጁ ላይ የለጠፍሽልኝን ወረቀት አላነበብኩትም። «ደግሞ ውሻ በወረቀት ይጠበቃል?» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ኀሙስ በቀትር ባምሴን ይዤ ወጣሁ። አስፋልቱ ጫማዬን አልፎ ያቃጥላል፤ እሱ ያን ሁሉ ፀጉር ተሸክሞ እየተጎተተ ተከተለኝ። ቤት ስንገባ ምላሱን ዘርግቶ ያለከልካል፣ ዓይኑ ፈዟል። ምች መታው አልኩ። ምች የመታው ሰው ምን ይደረጋል? ነፋስ አይነካውም፣ ተሸፍኖ ያልበዋል። መስኮቱን ሁሉ ዘጋሁ፣ የቬራንዳውንም በር። በጋቢዬ ጠቀለልኩት። ያቺን የደረቀች ዳማከሴ አሽቼ አፍንጫው ላይ ያዝኩለት። ማርያ፣ የማድነው መስሎኝ ነበር! ሊወጣ ሲታገል «ተኛ፣ ላብህ ይውጣ» እያልኩ በክንዴ ይዤ አስቀረሁት። ከዚያ መታገሉን ተወ። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። ጋቢውን ብገልጥ ድዱ ቀይ ሥር መስሏል፣ እግሮቹ ተዝለፍልፈዋል፣ ብጠራው አይሰማም።

ጮህኩ። እኔ! በእናትሽ ቀብር ያልጮህኩ ሰው።

የደረሰችልኝ ጸሃይቱ ናት፤ ያቺ «ውሻችሁ ረበሸን» ስላለችኝ ከፋሲካ ጀምሮ ሰላምታ የነፈግኳት የታችኛዋ ጎረቤት።

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ውሻውን ጋቢ አልብሰህ ልታቆርበው ነው?»

«ምች ነው የመታው…»

«የምን ምች! ውሻ እንደኛ አያልበውም፤ በምላሱ ነው ሙቀቱን የሚያወጣው። ያዝ እግሩን!»

መታጠቢያ ቤት አስገባነው። ሆዱን፣ ብብቱን፣ መዳፉን ውሃ አፈሰሰችበት፤ መስኮቱን በረገደችው፤ ከዚያ በልጇ መኪና እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሟ «ሩብ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ስመለስ ወረቀትሽን አወጣሁ። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት። የመጀመሪያው መስመር፦ «አባዬ፣ ሲሞቅ መስኮቱን ክፈትለት። ነፋስ አይገድለውም።»

እናትሽ በዚያ በመጨረሻው ሐምሌዋ ይህንኑ ነበር የለመነችኝ። «ዋለልኝ፣ ትንሽ ክፈትልኝ፤ አየር አጠረኝ።» «ነፋስ ይመታሻል የዓለምወርቅ» እያልኩ ዘግቼ አስተኛኋት። ሦስት ጊዜ ለመነችኝ። የገደላት በሽታው እንደሆነ አውቃለሁ። አየር የነፈግኳት ግን እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እንግዲህ ያለብኝን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ፤ አንቺ እንዳትገቢበት። ጸሃይቱን በሯ ድረስ ወርጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ባምሴን ፀሐይ ሳትበረታ፣ በጥላ በጥላው አወጣዋለሁ፤ አስቀድሜ አስፋልቱን በመዳፌ እነካለሁ፣ እኔ ካልቻልኩት እሱም አይችለውም ብለሽ በወረቀቱ ጽፈሻልና። ነገ እሑድ እናትሽ መቃብር ድረስ ሄጄ ለአንቺ የጻፍኩትን ለእሷ በአፌ እነግራታለሁ። መስኮቱንም ከፍቼዋለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ነፋሱ ማጅራቴን እየመታኝ ነው፤ አልዘጋውም።

አባትሽ ዋለልኝ