ሰዓት የማያውቅ መሣሪያ

ሰኞ፣ መጋቢት 1 ቀን 2000 ዓ.ም.

«ያቀረቡት የጉድጓድ መቆፈሪያ ነጥብ የተለካበት መሣሪያ ሰዓቱ በሦስት ሰዓት፣ ዓመቱ ደግሞ በስምንት ዓመት የቀደመ ሆኖ ስለተገኘ፣ እንዲሁም መሣሪያው በእጅ የተገጣጠመ በመሆኑ፣ ኮሚቴው ነጥቡን ያልተቀበለው መሆኑን እናሳውቃለን።»

የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ የላከልኝን ቃል በቃል ገለበጥኩት። ማኅተሙ ሐምራዊ፣ ክብ፣ በጣም ንጹህ ነው። ከደብዳቤው ውስጥ ስህተት የሌለበት እሱ ብቻ ነው።

ስምንት ዓመት የቀደመ! ሚሌኒየሙን ከተቀበልን ስድስት ወር ነው፤ ባነሩ እንኳ ከግቢያቸው በር አልወረደም። የቀረው ዓለም ከኛ በሰባትና በስምንት ዓመት እንደሚቀድም ያኔ የሰማ አንድ የኮሚቴ አባል ጠፋ? ሳተላይት የሚልከው የግሪንዊች ሰዓት ነው። ከኛ የግድግዳ ሰዓት ሦስት ሰዓት ባይለይ ነበር መጠራጠር።

ነጥቡ ያለው ሀደሮ አጠገብ፣ በእህቴ በወርቅነሽ ቀበሌ ውስጥ ነው። ጂኦሎጂስቱ ውሃው እዚህ ነው ብሎ ችካል ተክሎ ሄደ። ኮሚቴው ችካሉ ያለበትን ኬክሮስና ኬንትሮስ አምጡ አለ። የመሥሪያ ቤቱ ጂፒኤስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉን የያዘው የቢሮው ባለሙያ ላፌቦ ለሥልጠና አዋሳ ነው። መለዋወጫ ቁልፍ የለም ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። አለ፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ።

ስለዚህ እኔ ሠራሁ። ኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ነኝ። የወንድሜ ልጅ ከውጭ የላከልኝ፣ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ የጂፒኤስ ሞጁል ነበረችኝ። ስክሪን የላትም፤ ያየችውን የምትናገረው ከኮምፒውተር ጀርባ ባለው ሲሪያል ፖርት በሚባል መሰኪያ በኩል ብቻ ነው። ሽቦዋን በየድኩ፣ ከኮሌጁ አሮጌ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁ፣ ችካሉ ድረስ ሄጄ ለካሁ።

የጉድጓድ መቆፈሪያው መኪና ዱራሜ ቆሟል። እስከ መጋቢት 12 የጸደቀ ነጥብ ካልተሰጠው ወደ ሌላ ዞን ያልፋል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ሁሉንም በካርቶን ይዤ ኮሚቴው ቢሮ ሄድኩ። ሰብሳቢው አቶ ኤርጫፎ በራሳቸው ኮምፒውተር ካላዩ አያምኑም። ይሁን። ከማሽኑ ጀርባ ገብቼ አቧራ እየዋጥኩ ባለ ዘጠኝ ቀዳዳውን ሶኬቴን ሰካሁ። ሞጁሏ የምትልከው ሦስት ቮልት ነው፤ ፖርቱ የሚፈልገው ከዚያ ከፍ ያለና የተገለበጠ ነው። መሃል ላይ መቀየሪያ ቺፕ ያስገባሁት ለዚህ ነው። ይህን ሳስረዳ አንደኛው አባል አዛጋ።

ስንከፍተው ዝባዝንኬ። ሳጥን፣ የጥያቄ ምልክት፣ እንደገና ሳጥን።

«መምህር፣ ይቺ ደግሞ በምን ቋንቋ ነው የምታወራው?» አሉ አቶ ኤርጫፎ። «ካልሆነላት በሀዲይኛ ትሞክር!» ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

ችግሩ የመላላኪያው ፍጥነት ነበር። ፕሮግራሙ 9600 ላይ ተቀምጧል፤ እሷ የምትናገረው በ4800 ነው። ቀየርኩት። መስመሮቹ ተሰልፈው ወረዱ። መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳትና ሳተላይት እስክታገኝ ጠበቅን። ኬክሮስ መጣ፣ ኬንትሮስ መጣ፣ ከፍታ መጣ። ለግማሽ ደቂቃ አሸንፌ ነበር።

ከዚያ አቶ ኤርጫፎ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ባለው ሰዓት ላይ አኖሩ። ሰባት ከሃያ ሁለት። ግድግዳውን አዩ። አራት ከሃያ ሁለት።

«ሰዓቱን የማያውቅ ቦታውን ያውቃል እንዴ?»

ልወጣ ስል ተከትለውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰዓቱንና ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ያስተካክሉና አትመው ያምጡት። ዛሬውኑ እፈርማለሁ።»

የተለካ ነገር አይነካም። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ነው ያስተማርኩት። አላደርገውም አልኳቸው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ወርቅነሽ ደወለች። ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን ወጥታ ነው፤ ታለከልካለች። የሆነውን ነገርኳት።

«ወንድሜ፣ እኛ ሰዓት አንጠጣም። ቀይርላቸውና ይፈርሙ።»

«ውሸት ነው እኮ ወርቄ።»

«ውሸቱ ለወረቀቱ፣ ውሃው ለኛ። ወንዙ ድረስ የምወርደው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም!»

ዘጋችብኝ። እራት አልበላሁም። ግን ዛሬ ሰዓቱን ብነካላቸው፣ ነገ ችካሉን ወደሚፈልጉት ሰው ማሳ እንድገፋው አይጠይቁኝም?

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ላፌቦ ስልክ አያነሳም። ሦስት ክፍል አስተማርኩ፤ በሦስቱም ጮህኩ። ማታ ነገ እገባለሁ የሚል መልእክት ላከ።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅኩት። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ሻንጣዬን ቤት ላስቀምጥና...»

«ሻንጣውን እኔ እይዘዋለሁ። አንተ ቁልፉን ያዝ።»

ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። የቢሮው ጂፒኤስ ባትሪ ገባለት፣ ሰማይ አየ። ሰዓቱ አራት ከአርባ አለ፤ ልክ እንደ ግድግዳው።

«ይኸው!» አሉ አቶ ኤርጫፎ። «ሰዓት የሚያውቅ ይሄ ነው!»

ተቀብያቸው ማስተካከያውን ከፈትኩ። ከግሪንዊች በስተምዕራብ ሦስት ሰዓት ይላል፤ እኛ ያለነው በስተምሥራቅ ነው። ማን እንዳስገባው ጠየቅኩ።

«እኔ ነኛ፣» አለ ላፌቦ። «ሰዉ ሁሉ ሰዓቱ ተሳስቷል እያለ ሲያስቸግረኝ፣ ከግድግዳው ጋር እስኪገጥም ቀነስኩት።»

የመሥሪያ ቤቱ ጂፒኤስ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲሠራ የኖረው በብራዚል ሰዓት ነው! ቀኑ ያለበትንም ገጽ ከፈትኩ፤ ማንም ከፍቶት አያውቅም። 14 ማርች 2008። ከዚያ ሁለቱን መሣሪያዎች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አኖርኳቸው። ከጥቂት ሜትር በቀር አንድ ቦታ።

አሁን የሳቀ የለም።

«እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው፣ መምህር፣» አሉ አቶ ኤርጫፎ። «ያም ሆኖ ላፌቦ ሄዶ በኛው ቢለካው ይሻላል። የቢሮው መኪና መጋቢት 14 ከመስክ ሲመለስ።»

መቆፈሪያው 12 ላይ ይሄዳል አልኳቸው። ግድግዳውን አዩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

«ግልጽ ነው» ማኅተም የለውም። ጠዋት ተቀምጬ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሰኞ መዝገብ ቤት አስገባለሁ፣ ግልባጩን ለዞኑ አስተዳደር። ለወርቅነሽ በስልክ አነበብኩላት። «ሰዓቱን አልነካህም አይደል?» አለች። አልነካሁም። «ደረቅ!» አለችኝ፤ ግን አልዘጋችብኝም።

መጨረሻው እንዲህ ይላል፦

«ዓርብ መጋቢት 5 ቀን በፊታችሁ በተደረገው ማነጻጸር ሁለቱም መሣሪያዎች አንድ ቦታ አሳይተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ተሽሮ ነጥቡ መጽደቁን፣ ካልጸደቀም ምክንያቱን፣ እስከ ረቡዕ መጋቢት 10 ቀን 2000 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ያልኩት በግድግዳችሁ ሰዓት ነው።»