የመስኮት በኩል ጉንጭ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

ግራ ጉንጬ ከቀኙ በዕድሜ መብለጡ በይፋ መረጋገጡን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ከደረጃው ጋር ታረቀ? እኔ ከጉንጬ በቀር ደህና ነኝ፤ አውቶቡሱም ደህና ነው።

ነገሩን ያወጣው ረዳቴ ነው። በቀኜ የሚሳፈሩት «እህቴ፣ ቀስ በይልን» ሲሉኝ፣ በግራ መስኮት የሚያናግረኝ ትራፊክ ፖሊስ ግን «እናቴ፣ መንጃ ፈቃድ» እንደሚለኝ አስተውሎ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሁለት ሆናችሁ ነው እንዴ የምትነዱት?» ብሎ የሰው መሳቂያ አደረገኝ። ጎረቤቴ ቅባት ሸጠችልኝ። ቆጣቢ ነኝና ግራውን ብቻ ስቀባ ከረምኩ፤ ጉንጬ አብለጨለጨ እንጂ አልታደሰም።

ስለዚህ ቆርጬ ተነሣሁና የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ፊቴን ረጅም ሰዓት መረመረችው። ቆዳ ከዕድሜ ጋር መሳሳቱና መላላቱ አይቀርም፤ የግራውን ያስቸኮለው ግን ፀሐይ ነው፣ መስታወቱ ቢዘጋም ጨረሩ ያልፋል አለችኝ። መጨማደዱ አይጎዳሽም፣ የፀሐይ መከላከያ ተቀቢ፣ ያንን ቅባት ተዪው አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ እየደረቀ መልሶ የሚደማ፣ አልድን ያለ ቁስል ካለ ለነገ አይባልም አለች። በጊዜ ከተደረሰበት ተቆርጦ ይወጣል፤ ከቆየ ወደ ውስጥ ይበላል።

አባባ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱት በዚያው በግራ መስኮት በኩል ተቀምጠው ነው። በግራ ዓይንዎ ሥር ያለችውን አልድን ያለች ቁስል ደግሞ «ምላጭ ነው የቆረጠኝ» ይሏታል። ከዓይኑ ሥር ጢም የሚላጭ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ። መርፌ እንደምፈራ ያውቃሉ፤ እጄን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ደክሞኛል፣ እንግዳ አለብኝ ማለት የለም። በሩን ቢቆልፉ ጥሩምባ እነፋለሁ፤ ሰፈሩ አመሌን ያውቃል።

ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ገና ብዙ የምንጨቃጨቅበት አለን።

ልጅዎ፣ ሹፌሯ

እርማት፦ ከላይ ሐኪሟ ፊቴን ረጅም ሰዓት እንደመረመረች የተገለጸው በስህተት ነው። የእኔን አንዴ አየት አድርጋ ተወችው። ረጅም ሰዓት የመረመረችው ከቦርሳዬ አውጥቼ ያሳየኋትን የእርስዎን ፎቶግራፍ ነው። ቀጠሮውም በእርስዎ ስም ተይዟል። እጅ የምይዘው እኔ ነኝ።