ቃል አቀባዩ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

…«ራስ ምታቱስ ተሻለሽ?» ስላት እንኳ የመለሰው ባልየው ነው። «ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚያማት።» ጭንቅላቷ ውስጥ ያደረ ይመስል!

እኛ የቤተሰብ ድጋፍ ቢሮ ውስጥ «ቃል አቀባዩ» ብለነዋል። ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ… መጥላት አልቻልኩም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ትልቅ ስፌት ቤት በቆራጭነት ሊቀጥራት ይፈልጋል። ለልጇ የሕፃናት ማቆያ ፈልጉልኝ ብላ ያመለከተችው ራሷ ናት፣ ብቻዋን መጥታ። ተገኘላት። ዛሬ ሁለቱንም አስቀምጬ ሥራውን ትፈልገው እንደሆነ ጠየቅኩ።

«ልጁ ከእናቱ ጋር ይሻለዋል» አለ። «እሷም የምትለው ይሄንኑ ነው።»

እሷ ክር ታፍተለትላለች። እስከ ዓርብ እሺ ካላለች የማቆያው ቦታ ለሌላ ሰው ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ለብቻዋ ላነጋግራት ብዬ አለቃዬን ጠየቅኳቸው።

«ባልና ሚስት ለየብቻ አናነጋግርም። ቤት አፍራሽ ልታስብይን ነው?»

አንድ ላይ ስናነጋግርስ የማንን ቤት ነው የምንሠራው? አላልኳቸውም። ደረጃ ስወርድ ነው የመጣልኝ። ሁሌ ደረጃ ስወርድ።

እናቴ ደወለች። «የሰው ትዳር ስትጠግኚ አረጀሽ እኮ፣ የኔ ልጅ።» እሺ እማዬ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሱሪ ላሳጥር ሱቋ ሄድኩ። ሱሪው ረጅም አልነበረም።

ባልየው የለም። ሌላ ሰው ናት! ስፒል ነክሳም ታወራለች፣ ደንበኞቿን ታማለች፣ ትስቃለች። እግሬ ሥር እንደተንበረከከች ጠየቅኳት። ሥራውን ትፈልጊዋለሽ?

ስፒሉን ከአፏ አወጣች። «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

«ማክሰኞ ጠየቅኩሽ እኮ!»

«እሱን እያየሽ ነዋ፣ እህቴ።»

እውነት? እሱን እያየሁ?… መልስ ከእሱ በኩል እንደሚመጣ ማን ነገረኝ?

«አልፈልግም ካልኩ ደግሞ» አለች፣ «አልፈልግም ያልኩት እኔ ልሁን።» ትፈልገው እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። እኔም አልጎተጎትኳት። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀረ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

እስከ ረፋድ አልመጡም። ሻይዬ ቀዘቀዘ፣ ጥፍሬን በላሁ። ሱቋ ባልሄድስ ኖሮ? ቤቷ ጭቅጭቅ አስገብቼ ይሆን?

መጡ። እሱ ከፊት፣ እንደ ልማዱ እየሳቀ። «እንግዲህ እኛ ተነጋግረን…»

ክንዱን ያዘችው። «የኔ ጌታ፣ አንተ እዚህ ቁጭ በል።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አለቃዬ ከኮሪደሩ ጫፍ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን እያለች ነው?» አለኝ ባልየው፣ እኔን።

እሷን አየኋት።

ወደ ክፍሌ ገባች። ተከትያት ገባሁ። በሩን ራሷ ዘጋችው።